ስለ ኢከር ካሲያስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የኳስ ወዳጆች ስለ በረኛ ማውራት ከጀመሩ የሪያል ማድሪድና የስፔን በረኛ የነበረው የካሲያስ ስም መነሳቱ አይቀርም። አንዱ «ቅዱስ ኢከር» እያለ ያነግሠዋል። ሌላው «ከመስመሩ አይወጣም፣ የተሻገረ ኳስ ይፈራል» ብሎ ያጣጥለዋል። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። ብዙ ጊዜ የሚነሱትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ የባስክ ነው። ሰውየው ግን የየት ነው?

የማድሪድ ልጅ ነው። ግንቦት 20 ቀን 1981 ተወልዶ ከማድሪድ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው ሞስቶሌስ አደገ። ስሙም፣ የታናሽ ወንድሙ ኡናይ ስምም ባስክኛ ነው። የቤተሰቡ ሥር ግን አቪላ ክፍለ ሀገር ውስጥ ያለች ናቫላክሩስ የምትባል ትንሽ መንደር ናት። አባቱ የመንግሥት ሠራተኛ፣ እናቱ ፀጉር ሠሪ ነበሩ። የሀብታም ልጅ አልነበረም።

አባቱን ሚሊዮን ዩሮ አሳጣ የሚባለው እውነት ነው?

ታሪኩን ራሱ ካሲያስ ነው የተናገረው። ስፔን ውስጥ «ኪኒዬላ» የሚባል የጨዋታ ውጤት መገመቻ ኩፖን አለ፤ የዛሬውን ቤቲንግ ያስታውሳል። አባትየው ኩፖኑን ሞልቶ «አስገባልኝ» ብሎ ልጁን ላከው። ልጅ ነውና ረሳው። በዚያ ሳምንት አባትየው 14ቱንም ጨዋታ በትክክል ገምቶ ነበር። የጠፋው ገንዘብ ከአንድ ሚሊዮን ዩሮ በላይ እንደሚሆን ይነገራል። ልጁ ኋላ ላይ ከእጥፍ በላይ መልሶታል ብንል ማጋነን አይሆንም። የዚያን ሳምንት የቤቱን ድባብ ማሰብ ግን ይከብዳል።

ወደ ሪያል ማድሪድ ዋና ቡድን እንዴት ገባ?

የክለቡን የታዳጊ ማሠልጠኛ የተቀላቀለው ገና ዘጠኝ ዓመት አካባቢ ሳለ ነው። 16 ዓመቱ ላይ፣ ኅዳር 1997፣ ትምህርት ቤት እያለ ተጠራ። ዋናው ቡድን ኖርዌይ ሄዶ ከሮዘንቦርግ ጋር የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ አለበት፤ በረኛ ጎድሏልና ቶሎ ና ተባለ። ደብተሩን ሰብስቦ ሄደ። ባይሰለፍም ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው መስከረም 12 ቀን 1999 በቢልባኦው ሳን ማሜስ ከአትሌቲክ ጋር ነው። ሁለት ለሁለት ተለያዩ። አሠልጣኙ ጆን ቶሻክ ነበር። ጀርመናዊው ቦዶ ኢልግነር ባይጎዳ ኖሮ ያን ቀን አይሰለፍም። ይህን ያዙልኝ። የካሲያስ ታሪክ ውስጥ የሌላ ሰው ጉዳት ደጋግሞ በር ይከፍታል፤ በመጨረሻ ግን የራሱ ጉዳት በሩን ዘጋበት።

በዚያው የውድድር ዓመት መጨረሻ፣ 19 ዓመት ከሞላው ከአራት ቀን በኋላ፣ ፓሪስ ላይ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ተሰለፈ። ማድሪድ ቫሌንሲያን 3 ለ 0 አሸነፈ። በፍጻሜው ከተሰለፉ በረኞች ሁሉ በዕድሜ ትንሹ እሱ ሆነ።

በ2002 ተጠባባቂ ነበር ይባላል። ታዲያ የፍጻሜው ጀግና እንዴት ሆነ?

አዎ፣ ያን ዓመት ቦታውን አጥቶ ነበር። አሠልጣኙ ቪሴንቴ ዴል ቦስኬ ሴሳር ሳንቼስን መረጠ። ልጁ በ20 ዓመቱ «አለቀለት» ተባለ።

ግንቦት 15 ግላስጎው፣ ሃምደን ፓርክ፤ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ። ተጋጣሚው ባየር ሌቨርኩሰን ነው። ራውል አገባ፣ ሉሲዮ አቻ አደረገ፣ ከዕረፍት በፊት ዚዳን ያቺን የግራ እግር ቮሊ ለቀቀ። ሰው ስለዚያ ጨዋታ የሚያስታውሰው እሷን ነው። ግን ሰዓቱ ገና ነበር። 68ኛው ደቂቃ ላይ ሴሳር ተጎድቶ ወጣ። ካሲያስ ማሟሟቂያ እንኳ በቅጡ አላደረገም። ረጅም እጅጌ ስለማይመቸው የማሊያውን እጅጌ በመቀስ አስቆርጦ ገባ።

ከዚያ ሌቨርኩሰኖች ግቡ ሥር ሰፈሩ። በተጨመሩት ደቂቃዎች ውስጥ በጥቂት ጊዜ ልዩነት ሦስት ኳስ አዳነ። አንዱን ቤርባቶቭ ከቅርብ ሲመታው በእግሩ ነው ያወጣው። ፊሽካው ሲነፋ ልጁ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ዋንጫውን ዚዳን አገባው፣ ካሲያስ ጠበቀው ብትሉ ማንም አይከራከራችሁም።

የሽቶ ጠርሙሱስ ታሪክ?

ይህ ደግሞ የተፈጠረው ከፍጻሜው ጥቂት ቀን በኋላ ነው። የስፔን ብሔራዊ ቡድን አንደኛ በረኛ ሳንቲያጎ ካኚሳሬስ ለዓለም ዋንጫ በዝግጅት ላይ ሳለ የሽቶ ጠርሙስ እግሩ ላይ ወደቀበት። የሰባበረው መስታወት ጅማቱን ቆረጠው፤ ከውድድሩም ቀረ። ቦታው ለካሲያስ ሆነ።

ከአየርላንድ ጋር በተደረገው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ በመደበኛው ሰዓት የኢያን ሃርትን ፍፁም ቅጣት ምት አመከነ። በመለያ ምት ደግሞ ሁለት ጨመረ። ቀጥሎ በደቡብ ኮሪያ በመለያ ምት ወጡ። ስለዚያ ጨዋታ ዳኝነት ስፔኖች ፊት ባታነሱ ይሻላል።

ለበረኛ ቁመቱ አጭር አይደለም እንዴ? ምኑ ነው ልዩ ያደረገው?

ከዛሬዎቹ የሁለት ሜትር በረኞች ጎን ሲቆም በእርግጥ አጭር ነው፤ 1.85 ሜትር ያልደረሰም ይባላል። ኳስ በእግር ማቀበልም ትልቁ ችሎታው አልነበረም። ከማዕዘን የተሻገረ ኳስ ላይ ሲያመነታ ብዙ ጊዜ ታይቷል። እነዚህ ትችቶች ተገቢ ናቸው።

ግን አንድ አጥቂ ብቻውን ሲመጣበት ያለው ነገር ሌላ ነው። ብዙ በረኛ አጥቂው ሲቀርበው ቶሎ ይተኛል። ካሲያስ ቆሞ ይጠብቃል፤ አጥቂው መጀመሪያ እንዲወስን ያደርገዋል። ከዚያ ሰውነቱ ወደ አንድ ወገን ሲወድቅ እግሩን በሌላው ወገን ይተዋል። የእግር ቅልጥፍናው ከእጁ አያንስም ነበር።

ሥራ አልጠፋበትምም። የነዚዳን፣ የነሮናልዶ፣ የነፊጎ ማድሪድ ፊቱ ወርቅ፣ ኋላው ክፍት ነበር። በተለይ በ2003 ክሎድ ማኬሌሌ ከተሸጠ በኋላ አጥቂዎች በመሀል ሜዳ እንደ ልብ ያልፉ ነበር። በላሊጋው ትንሽ ግብ ለተቆጠረበት በረኛ የሚሰጠውን የሳሞራ ሽልማት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ2007/08፣ የወሰደውም ለዚህ ይመስለኛል።

ለስፔን የሠራው ትልቁ ነገር የቱ ነው?

ሁሉም ሰው የሮበንን ኳስ ይጠራል፤ እመጣበታለሁ። እኔ ግን የምጀምረው ከሰኔ 22 ቀን 2008 ነው።

ስፔን በዚያ ቀን እርግማን ነበረባት። በ1986 ቤልጂየም፣ በ1996 እንግሊዝ፣ በ2002 ደቡብ ኮሪያ፦ ሦስቱም ሩብ ፍጻሜ፣ ሦስቱም በመለያ ምት፣ ሦስቱም ሰኔ 22። በ2008ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜው ከጣሊያን ጋር ቪየና ላይ ደረሰ። ቀኑ? ሰኔ 22። ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ አልቆ መለያ ምት መጣ። ወዲያ ማዶ ቡፎን፣ ወዲህ ካሲያስ። ካሲያስ የዴ ሮሲንና የዲ ናታሌን አመከነ፤ ፋብሬጋስ የመጨረሻዋን አገባ። ያቺ ምሽት ባታልፍ ኖሮ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ላይመጣ ይችል ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣውን በአንድ ቁጥር ላሳያችሁ። በ2008፣ በ2010 እና በ2012 ስፔን በድምሩ አሥር የጥሎ ማለፍ ጨዋታ አደረገች። የተቆጠረባት ግብ ዜሮ። በአሥሩም በረኛውም አምበሉም ካሲያስ ነው። ስለዚያ ቡድን ሲወራ ሁልጊዜ ቻቪና ኢኒየስታ ይጠራሉ፤ ኳሱን ስለያዙት ተገቢ ነው። ግን አራቱን የ2010 የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ሁሉ 1 ለ 0 ያሸነፈ ቡድን ከኋላው አንዲት ስህተት ብትፈጠር ኖሮ ወሬው ሌላ ነበር።

እሺ፣ የሮበን ኳስስ?

ሐምሌ 11 ቀን 2010፣ ጆሃንስበርግ፤ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ከኔዘርላንድስ ጋር። 62ኛው ደቂቃ፣ ዜሮ ለዜሮ። ስናይደር በተከላካዮቹ መሀል ኳስ ሰነጠቀ። ሮበን ብቻውን ወጣ። ስታዲየሙ በሙሉ ከመቀመጫው ተነሳ። ካሲያስ ወጣ ብሎ ጠበቀ። ሮበን ሲመታ በረኛው በተቃራኒው እየወደቀ ነበር፤ ኳሷ ግን የቀኝ ጫማውን ጫፍ ነክታ ከቋሚው ውጭ አለፈች።

«ዕድል ነው» የሚሉ አሉ። እግሩን እዚያ የተወው ግን ዕድል አይደለም፤ የዓመታት ልማዱ ነው። በዚያ ላይ ወደ መጨረሻው ገደማ ሮበን ፑዮልን አምልጦ እንደገና ሲመጣ ካሲያስ ከእግሩ ሥር ቀማው። ኢኒየስታ ግቡን ያገባው 116ኛው ደቂቃ ላይ ነው።

ከዚያ በፊት በሩብ ፍጻሜው የፓራጓዩን ኦስካር ካርዶሶ ፍፁም ቅጣት ምት ይዟል። ካርዶሶ ወዴት እንደሚመታ የነገረው ሁለተኛው በረኛ ፔፔ ሬይና ነው፤ በሊቨርፑል ማሊያ ገጥሞት ያውቀው ነበር። በውድድሩ ሁሉ የተቆጠረባቸው ሁለት ግብ ብቻ ነው። የምርጥ በረኛ ሽልማቱንም ወሰደ።

አፍሪካ ለዚህ ሰው ደግ ነበረች። በ1997 ግብፅ ላይ ከ17 ዓመት በታች ቡድኑ ጋር ሦስተኛ ወጣ። በ1999 ናይጄሪያ ላይ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫን ካነሳው ቡድን ውስጥ ነበር። በ2010 ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ትልቁን ሰጠችው።

በቀጥታ ስርጭት የሳማት ጋዜጠኛ ማን ናት?

ሳራ ካርቦኔሮ ትባላለች። በጊዜው የቴሌሲንኮ የስፖርት ዘጋቢ፣ የእሱም ፍቅረኛ ነበረች። ስፔን በ2010ሩ የዓለም ዋንጫ የመጀመሪያ ጨዋታዋ በስዊዘርላንድ 1 ለ 0 ስትሸነፍ አንዳንድ ጋዜጦች «ከግቡ ጀርባ ቆማ ሐሳቡን በተነችው» ብለው ጻፉ። የማይረባ ወሬ ነበር። ከፍጻሜው በኋላ ቃለ መጠይቅ ስታደርግለት እንባ እየተናነቀው ወላጆቹን ማመስገን ጀመረ፤ ስሜቱን መያዝ ሲያቅተው ሳማት። ለወሬኞቹ ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረም። በኋላ ተጋብተው ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ፤ በ2021 መለያየታቸውን አሳወቁ።

«ለጣሊያን ክብር» ያለው መቼ ነው?

በ2012ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ኪየቭ ላይ። ስፔን 4 ለ 0 እየመራች ነው። ጣሊያኖች ተጫዋች ተጎድቶባቸው፣ ቅያሪያቸውም አልቆ በአሥር ሰው ቀርተዋል። ካሲያስ ከግቡ አጠገብ ወደቆመው ተጨማሪ ዳኛ ዞሮ ለተጋጣሚ ክብር ሲባል ጨዋታው እንዲያበቃ ሲጠይቅ ካሜራ ያዘው። ዋንጫ ሊያነሳ ደቂቃ የቀረው ሰው ነው ይህን የሚለው።

ከቻቪ ጋር ሽልማት የተካፈለው በምን ምክንያት ነው?

በ2011 ማድሪድና ባርሴሎና ሲገናኙ ሜዳው ጦርነት ይመስል ነበር። በነሐሴው የሱፐር ካፕ ጨዋታ የማድሪዱ አሠልጣኝ ሞሪንሆ የባርሴሎናውን ረዳት አሠልጣኝ የቲቶ ቪላኖቫን ዓይን በጣቱ ነካ። የብሔራዊ ቡድኑ ልጆች ከሁለቱም ወገን ተኮራረፉ። ካሲያስ ስልክ አንስቶ ለቻቪና ለፑዮል ደወለ። በልጅነታቸው አብረው የተጫወቱ ሰዎች ናቸውና ወሬው ቶሎ በረደ። በ2012 ካሲያስና ቻቪ የአስቱሪያስ ልዑል የስፖርት ሽልማትን በጋራ ተቀበሉ። ለማድሪድ ግን ያ ስልክ ርካሽ አልነበረም፤ አንዳንድ ደጋፊ እንደ ክዳት ቆጠረው።

ሞሪንሆ ለምን አስቀመጠው?

ታኅሣሥ 22 ቀን 2012 ማላጋ ላይ ሞሪንሆ በካሲያስ ቦታ ሁለተኛውን በረኛ አንቶኒዮ አዳንን አሰለፈ። ማድሪድ 3 ለ 2 ተሸነፈ። አሠልጣኙ ምክንያቴ ኳስ ብቻ ነው አለ። በጋዜጦች ግን ካሲያስ የመልበሻ ክፍል ምስጢር ያወጣል የሚል ወሬ ተናፈሰ፤ እሱ አስተባብሏል።

ጥር ላይ ወደ ቦታው ከተመለሰ ብዙም ሳይቆይ ከቫሌንሲያ ጋር ሲጫወት የገዛ ጓደኛው አርቤሎዋ ሳያስበው እጁን ረግጦ ሰበረው። ክለቡ ሌላ በረኛ፣ ዲዬጎ ሎፔስን፣ አመጣ። ሎፔስም ሸጋ አድርጎ ጠበቀ፤ ይህን አለመናገር ግፍ ነው። ካሲያስ ከዳነ በኋላም ወንበር ላይ ቀረ። በቀጣዩ ዓመት አዲሱ አሠልጣኝ አንቼሎቲ መጥቶ ሎፔስን ለሊግ፣ ካሲያስን ለሻምፒዮንስ ሊግና ለንጉሡ ዋንጫ መደበ።

የኔን አስተያየት ከጠየቃችሁ ሞሪንሆ በኳሱ ያን ያህል አልተሳሳተም፤ በአያያዙ ግን በጣም ተሳስቷል። ካሲያስም ከዚያ በኋላ የድሮው ካሲያስ አልሆነም።

በሊዝበኑ ፍጻሜ ጥፋቱ የእሱ ነበር?

ግቡ የእሱ ስህተት ነው። ግንቦት 24 ቀን 2014 በሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ የአትሌቲኮ ማድሪዱ ጎዲን በጭንቅላት ሲገጭ ካሲያስ ከመስመሩ ወጥቶ መሀል ቤት ቀርቶ ነበር። 93ኛው ደቂቃ ላይ ሰርሂዮ ራሞስ አቻ ባያደርግ ኖሮ ያቺ ስህተት ዕድሜውን ሙሉ ትከተለው ነበር። ማድሪድ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 1 አሸነፈ፤ አሥረኛውን ዋንጫ በአምበልነት ያነሳው እሱ ነው። በወሩ በብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ኔዘርላንድስ አምስት አገባችበት፤ ቺሊም ሁለት ጨመረችበት። ዓለም ሻምፒዮናዋ ስፔን በምድቡ ቀረች።

ከማድሪድ የወጣው እያለቀሰ ነው?

አዎ። ሐምሌ 12 ቀን 2015 በርናቤው ውስጥ ጋዜጠኞች ፊት ብቻውን ተቀመጠ። የክለቡ ፕሬዚዳንት የለ፣ ጓደኛ የለ፣ ዋንጫ የለ። የጻፈውን ወረቀት ለማንበብ ሲሞክር እንባው እየቀደመው ደጋግሞ አቋረጠ። 725 ጨዋታ ለተጫወተ ሰው ይህ ስንብት ነውር ነበር። ትችቱ ሲበዛ ክለቡ በማግሥቱ ፍሎሬንቲኖ ፔሬስ የተገኘበት ሌላ ዝግጅት አዘጋጀ። ዋንጫዎቹም ተደረደሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ፖርቶ ላይ ምን ሠራ? ልቡስ?

ብዙዎች ለጡረታ የሄደ መስሏቸው ነበር። ሁለት ጊዜ የፖርቱጋል ሊግ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2018 ደግሞ በሃያ የተለያዩ የሻምፒዮንስ ሊግ ውድድሮች የተሰለፈ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ።

ግንቦት 1 ቀን 2019 ልምምድ ላይ ሳለ የልብ ድካም ወደቀበት። 37 ዓመቱ ነበር። ሜዳው ላይ ሐኪም ስለነበር ቶሎ ሆስፒታል ደረሰና ተረፈ። ከዚያ ወዲያ ለውድድር አልተሰለፈም። ጓንቱን በይፋ የሰቀለው ነሐሴ 4 ቀን 2020 ነው። በመሀል ለስፔን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንትነት እወዳደራለሁ ብሎ ነበር፤ ሰኔ ላይ ራሱን አገለለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ሪያል ማድሪድ ተመለሰ፤ በክለቡ ፋውንዴሽን የዋና ዳይሬክተሩ ረዳት ሆኖ።

ቁጥሮቹን ባጭሩ?

ለስፔን 167 ጨዋታ፣ የመጨረሻው በሰኔ 2016። የዓለም ዋንጫ አንድ፣ የአውሮፓ ዋንጫ ሁለት። ከማድሪድ ጋር ላሊጋ አምስት፣ ሻምፒዮንስ ሊግ ሦስት፣ የንጉሥ ዋንጫ ሁለት። በማድሪድ ማሊያ ከእሱ በላይ የተጫወተው ራውል ብቻ ነው፤ 741 ጊዜ።

ከቡፎን ይበልጣል?

በሙሉ በረኝነት ቡፎን። ኳስ ሲይዝ፣ ተከላካይ ሲመራ፣ በዕድሜ ሲቆይ ጣሊያናዊው ይሻላል። አጥቂ ብቻውን ሲመጣ ግቡ ላይ ማን ይቁም ከተባለ ግን እኔ ካሲያስን አቆማለሁ።

ሲጫወት ሳላየው አመለጠኝ። የቱን ጨዋታ ልይ?

የ2010ሩን ፍጻሜ ሁሉም ይነግራችኋል። እኔ የግላስጎውን የመጨረሻ 25 ደቂቃ እመርጣለሁ። ከ68ኛው ደቂቃ ጀምሩት። ዚዳንን ለሌላ ቀን አቆዩት።